የአንዋር አውራ ጣት

ባለፈው ሳምንት ፍሪስኮ ከተማ በሚገኘው ቢሯችን የምሳ ክፍል ውስጥ ሁለት ወጣት ባልደረቦቼ ሲከራከሩ ሰማሁ። ክርክሩ ስለ አንድ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ስምንተኛው ክፍል በቅርቡ ወጥቷል፤ ልጁ የድሮዎቹ ይበልጣሉ ይላል፣ ልጅቷ አዲሶቹ ይሻላሉ ትላለች። ልጁ ሹካውን እያወዛወዘ፣ "አዲሶቹ እኮ ተጫዋቹን ሰነፍ ያደርጉታል። የተረጋገጠ ነገር ነው። ድሮ አንድ ሰው በቪዲዮ ለክቶ አሳይቷል፤ ጣት ያዘገያሉ" አላት። እኔ ማይክሮዌቩ ፊት ቆሜ የሩዝ ሳህኔ ሲሽከረከር አያለሁ። ልጅቷ ዞር ብላ፣ "አንተስ ናቲ? የድሮው ወይስ አዲሱ?" አለችኝ። ጨዋታውን አላውቀውም አልኳት። ከዚያ ሳህኔን ይዤ ወጣሁና መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ በላሁ።

ያ ለክቶ ያሳየው ሰው እኔ ነኝ።

ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ጀግናው ትንሽ ፍልፈል ነው። በእንግሊዝኛ ረጅም ስም አለው፤ እኛ ግን "ፍልፈሉ" ብቻ ነበር የምንለው። ሥራው ከመደብ ወደ መደብ፣ ከአንዱ ገደል ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለለ መንገዱን መጨረስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ጨካኞች ነበሩ። የዝላዩን ርዝመት የሚወስነው አውራ ጣትህ አዝራሩ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ጣትህን ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ብታዘገየው ፍልፈሉ ገደል ይገባል፤ አንተም ከመነሻው እንደገና ትጀምራለህ። ከአራተኛው ወዲህ ግን የሠሪዎቹ ልብ ራራ። መደቦቹ ሰፉ፤ ፍልፈሉ ጫፍ ላይ በጥፍሩ መንጠልጠልን ተማረ፤ ቢወድቅም ከወደቀበት አጠገብ ይነሣል። በዚህ የተነሣ የጨዋታው ወዳጆች ለሁለት ተከፈሉ። ሰው በፍልፈል ዝላይ እንዴት ይጣላል ብትሉኝ በቂ መልስ የለኝም። ምናልባት በዚያ ዕድሜ እርግጠኛ የምንሆንበት ሌላ ነገር ስላልነበረን ይሆናል።

እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ የምንሰበሰበው ጋርላንድ ከተማ፣ ጓደኛዬ አንዋር ከወላጆቹ ጋር በሚኖርበት አፓርታማ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያው ያያል፤ ሽቦው ላይ ጅራታቸው የረዘመ ጥቋቁር ወፎች ተደርድረው እንደ ዛገ ማጠፊያ ይንቋረራሉ። በበጋ የአየር ማቀዝቀዣው ውኃ ከታች ባልዲ ውስጥ ይንጠባጠባል። የአንዋር እናት በምስር የሞላችውን ሳምቡሳ ታቀርባለች፤ ጓደኛችን ቢኒ ደግሞ ከማዕዘኑ ሱቅ ሎሚና ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት የዶሮ ክንፍ ይዞ ይመጣል። በተቀባ እጅ የጨዋታውን መያዣ መንካት ክልክል ነው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ደንብ ማውጣት እወድ ነበር።

አንዋር ከሦስታችን በእጁ የታደለ ነበር። ቀን ቀን ጋርላንድ ውስጥ ፀጉር ቤት ይሠራል፤ ገና መማሩ ቢሆንም ሰዎች እሱን ብለው ወረፋ ይጠብቁ ነበር። ከጆሮ በላይ ያለውን ፀጉር ከምንም ተነሥቶ ወደ ጥቁር እንዲሸጋገር ሲያደርገው ማሽኑን የያዘ አይመስልም፤ የሚያሻሽ ይመስላል። በጨዋታውም እንደዚያው ነው። በሦስተኛው ክፍል "የደወል ግንብ" የሚባል ቦታ አለ፤ ብዙ ሰው እዚያ ደርሶ ጨዋታውን ይተዋል። አንዋር ሳምቡሳ እያኘከ ያልፈው ነበር።

እኔ ደግሞ እቆጥር ነበር። የጨዋታው ወዳጆች በኢንተርኔት የሚገናኙበት መድረክ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው፤ ጨዋታውን በፍጥነት ጨረስኩ የሚል ሰው ስክሪኑን ብቻ ሳይሆን እጆቹንም በቪዲዮ ማሳየት አለበት። ያለዚያ አይመዘገብለትም። ስለዚህ ከልብስ መስቀያ ሽቦ ማቆሚያ ሠርቼ፣ ስልኬን ከአንዋር እጆች በላይ አንጠለጥላለሁ። ከዚያ ቤቴ ሄጄ ቪዲዮውን በአንድ ሴኮንድ ወደ ስድሳ ፍሬም፣ ማለትም ወደ ስድሳ ነጠላ ምስል፣ እየከፈልኩ፣ አውራ ጣቱ አዝራሩን መልቀቅ ካለበት ቅጽበት ስንት ፍሬም እንደዘገየ በሰንጠረዥ እጽፋለሁ። ይህን ማንም አላስተማረኝም። እያየሁ፣ እየተሳሳትኩ፣ እየደገምኩ ነው የተማርኩት። በትምህርት ቤት ዝምተኛ ነበርኩ፤ ሰንጠረዡ ግን ስለ እኔ ይናገርልኝ ነበር።

በዚያው ዓመት መኸር ላይ አንዋር አዲሶቹን መከላከል ጀመረ።

"ብሮ፣ አምስተኛው ጨዋታ አይደለም፤ ቤቢሲተር ነው" አለው ቢኒ አንድ እሑድ።

"ሶ ዋት? ማለቴ፣ ብትወድቅ እዚያው ያስነሣሃል። ምን ችግር አለው?"

"ችግሩማ መውደቅህ ነው። አንተ እኮ አትወድቅም ነበር!"

"የድሮው ይደብራል። አንድ ስህተት ካየብህ፣ 'ተመለስ፣ ከሀ ጀምር' ይልሃል። ልክ እንደ አባቴ።"

"ሰምቻለሁ!" አሉ ከጓዳ አባቱ ጋሽ እንድሪስ።

ጋሽ እንድሪስ የደሴ ሰው ናቸው። ከአውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳሉ። እሑድ ከሥራ ሲመለሱ፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ቴሌቪዥኑን ትንሽ ያዩና ሁልጊዜ ያንኑ ይጠይቃሉ።

"ይሄ አይጥ ዛሬም ከጉድጓዱ አልወጣም?"

"ፍልፈል ነው አባዬ።"

"አይጥም ሆነ ፍልፈል መሬት ይቆፍራል እንጂ አይዘልም። ዋሽተዋችኋል።"

እንሥቃለን። እሳቸው ከእኛ ጋር አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ተናግረው አያውቁም። ከኢንሹራንስ ወይም ከመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲመጣ ለአንዋር ይሰጡታል፤ እሱም አንብቦ ይነግራቸዋል። እኔም እንግሊዝኛ የማይሰሙ አድርጌ ነበር የማስባቸው።

የአንዋር መለወጥ አናደደኝ። ያለ ምክንያት ሰፈር የቀየረ ሰው መሰለኝ። ሰንጠረዤን አወጣሁ። በመስከረም ጣቱ በአማካይ አራት ፍሬም ይዘገይ ነበር፤ ይህ እጅግ ጥሩ ነው። በጥቅምት አምስት ሆነ። በኅዳር ሰባት። በጥር መንገዱ ሁሉ በበረዶ የተጋገረበት፣ መብራት የጠፋበት ሳምንት ነበር፤ ያን እሑድ መብራት ቢመለስም ቤቱ ገና አልሞቀም ነበርና ካፖርት ለብሰን ተጫወትን። ዐሥራ አንድ ፍሬም ዘገየ። በሚቀጥለው ሳምንት ቤቱ ሲሞቅ ወደ ስምንት ወረደ። ዝርዝር አይለፈኝ የምል ሰው ነኝና ከዐሥራ አንዱ ጎን በትንሹ "ብርድ" ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ የክርክር ጽሑፌን አዘጋጀሁ። ሐሳቤ ቀላልና ለእኔ የማይረታ ነበር፤ አዲሶቹ ጨዋታዎች ስህተትን ስለሚምሩ ጣት መዘግየትን ይለምዳል። ማስረጃ፦ አንድ ተጫዋች፣ አንድ ጣት፣ አምስት ወር። ስሙን አልጠቀስኩም። ሰንጠረዡንና ጣቱ ከአዝራሩ ላይ ሲንሸራተት የሚያሳየውን ቁራጭ ቪዲዮ አያይዤ መድረኩ ላይ ለጠፍኩት። በሕይወቴ የጻፍኩትን ነገር ያን ያህል ሰው አንብቦልኝ አያውቅም ነበር። የድሮው ወገን ጮቤ ረገጠ። አንዱ ቀልደኛ የአንዋርን ጣት እየደጋገመ ሲንሸራተት የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ሠርቶ፣ ሥሩ "አዲሱ ትውልድ" ብሎ ጻፈበት። እሱም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

አንዋር የመኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቀኝ። ወገቡ ላይ የፀጉር ቤቱ ሽርጥ ነበር።

"አየሁት" አለኝ።

"ስምህን አልጻፍኩም።"

"ጣቴን ጻፍከው። አንድ ከስተመር ወንበር ላይ ሆኖ፣ ስልኩን አሳይቶኝ ይሥቃል። እየቆረጥኩት! የገዛ ጣቴን እያሳየኝ።" አውራ ጣቱ ላይ ማሽን የቆረጠው የቆየ ጠባሳ ነበር፤ የሚያውቀው ሰው አይስተውም።

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። "ክርክር ነው እኮ" አልኩት።

አውራ ጣቱን አየ። "ኦኬ። ግን ልክ ነህ? ሲሪየስሊ። ከጨዋታው ነው?"

"ቁጥሩ አይዋሽም" አልኩት።

"ኦኬ" አለ እንደገና።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲሶቹን ነክቶ አያውቅም። ወደ ድሮው ተመልሶ ይለማመድ ጀመር፤ ከሥራ በፊት፣ ከሥራ በኋላ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ መያዣውን ጉልበቶቹ መካከል ይዞ። በጸደይ በረዶው የመኪናዎችን ጣሪያ ሲያጎደጉድ ይለማመዳል። በሐምሌ አስፋልቱ ሲቀልጥ ይለማመዳል። እኔም በየእሑዱ መጥቼ እቀርጸዋለሁ።

"ስንት ሆነ?" ይለኛል።

"ዐሥራ ሦስት።"

"ገና ነኝ ማለት ነው።"

አንድም ቀን ጉዳዩ ሌላ ይሆን እንዴ ብዬ አላሰብኩም። ልምምድ ቁጥር ይቀንሳል፤ የእሱ ቁጥር በልምምድ ይጨምር ነበር። ይህ ብቻውን ማንንም ሰው ማስደንገጥ ነበረበት። እኔ ግን አዲሶቹ ጨዋታዎች ካሰብኩት በላይ ጎድተውታል ብዬ መደምደሚያዬን አጠነከርኩበት። ለሁለተኛ ጽሑፍም ማስታወሻ እይዝ ነበር።

በሚቀጥለው መኸር፣ የመጀመሪያው ቀዝቃዛ ነፋስ በገባበት እሑድ፣ ምሳ አብሬያቸው እንድበላ አስቀመጡኝ። በትሪው ላይ ቀይ ወጥ ቀርቦ ሁላችንም ከበብነው። ጋሽ እንድሪስ ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ። አንዋር በግራ እጁ ቆርሶ ጎረሠ።

አባቱ ማኘክ አቆሙ። "አንተ! በግራ የሚበላ ሸይጣን ነው ብዬ አላስተማርኩህም?"

"ሶሪ አባዬ። ረስቼ ነው።"

"ሃያ ዓመት ሙሉ ያልተረሳ ዛሬ ይረሳል? በቀኝህ ብላ።"

አንዋር ቀኝ እጁን ዘረጋ። እንጀራውን ለመቁረስ ሞከረ፤ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ መገናኘት አቃታቸው። መዳፉን ገልብጦ ሊዝቀው ሞከረ፤ መረቁ በአንጓው ላይ ፈሰሰ፣ ጉርሻው ትሪው ላይ ወደቀ። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያለው ሥጋ ጎድጉዶ አጥንቱ ይታይ ነበር። ያን እጅ አንድ ዓመት ሙሉ በካሜራ ስቀርጸው ኖሬያለሁ። ጉድጓዱን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አሉ ጋሽ እንድሪስ። ድምፃቸው ቁጣው ጠፍቶበት ነበር።

"ምንም አይደለም። ከጨዋታው ነው። ናቲ ያውቃል።"

እናቱ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ትሪው አየሁ።

ጋሽ እንድሪስ እንጀራ ቆርሰው በወጥ አጣቀሱና ልጃቸውን በእጃቸው አጎረሱት። ከዚያም እየደጋገሙ አጎረሱት። እሱም እንደ ሕፃን አፉን እየከፈተ በላ።

አባቱ ወደ አንዲት የነርቭ ሐኪም ሲወስዱት አንዋር አብሬው እንድሄድ ጠየቀኝ። "ቀን ታስታውሳለህ፤ እኔ አላስታውስም" አለኝ። ሐኪሟ እርጋታ ያላት ሴት ነበረች። እጁን አገላብጣ አየች፣ አንገቱን አጎንብሶ የተነሣውን ምስል ተመለከተች፣ ከዚያ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ ጠየቀች። አንዋር ሦስት ወር ቢሆነው ነው አለና ወደ እኔ ጠቆመ። "እሱ ጽፎታል። ናቲ፣ አሳያት።"

ሰንጠረዡን በስልኬ ከፍቼ ሰጠኋት። ጣቷን እያንሸራተተች ብዙ ቆየች።

"ይህን ማን ሠራው?"

"እኔ።"

"በየሳምንቱ?"

"በየሳምንቱ።"

"እንዲህ ያለ መዝገብ ይዞልኝ የመጣ በሽተኛ የለም" አለች። እያመሰገነችኝ ነበር። ከዚያ ጥር ላይ ቆመች። "ይህ ቃል ምን ማለት ነው?"

"ብርድ።"

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በብርድ ጊዜ የጣት መክበድ የዚህ በሽታ ዋና ምልክት ነው አለችን። አንገት ሲያቀረቅር ህብለ ሰረሰሩ ከአጥንቱ ጋር ይጫናል፤ ወደ እጅ የሚወርዱት ነርቮች ቀስ በቀስ ይሞታሉ። በወጣት ወንዶች ላይ የሚታይ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት አንገትን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ኮላር ብቻ ብዙውን ጊዜ ያቆመዋል። "ያኔ በጥር ብትመጡ ኖሮ እጁን እናተርፈው ይሆናል። አሁን የምንችለው ከዚህ እንዳይብስ ማድረግ ነው። የሄደው አይመለስም።" ቀጥላ አንዋርን ጠየቀችው። "በእነዚህ ወራት ብዙ ታቀረቅር ነበር?"

"አዎ" አላት። "እለማመድ ነበር።"

ጋሽ እንድሪስ ወንበራቸው ላይ ወደ እኔ ዞሩ። "ናትናኤል፣ ምን አለች?"

አንዋር ወለሉን ያያል። ያለችውን በሁለት ዓረፍተ ነገር መተርጎም ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። "ቀደም ብሎ ቢመጣ ይሻል ነበር አለች፤ አሁንም ግን ይታከማል ብላለች" አልኳቸው።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ።

አንዋር ቀጠሮ ለማስያዝ ወደ ኋላ ቀረና እኔና እሳቸው ቀድመን ወደ ታክሲው ወጣን። ብርዱ ሄዶ ፀሐዩ ተመልሶ ይፋጅ ነበር። ቁልፉን በእጃቸው እንደያዙ በሩን ሳይከፍቱ ቆሙ።

"ናትናኤል።"

"አቤት ጋሼ።"

"እዚህ አገር ሰው ሳመላልስ ሃያ ዓመት ሆነኝ። ከኋላዬ ተቀምጠው ይጣላሉ፣ ይፋታሉ፣ ያለቅሳሉ። በእንግሊዝኛ ነው የሚያለቅሱት።" ቁልፉን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?"

"ከአንተ አፍ ልሰማው ብዬ ነዋ።"

አንዋር ወረቀቱን በግራ እጁ ይዞ መጣ። ፊታችንን አይቶ፣ "ምን ሆናችኋል?" አለ። "ምንም። አብሽር" አሉት አባቱ። ያን የማጽናኛ ቃል የሰጡት ለእሱ ብቻ ነበር። እስከ ጋርላንድ ድረስ አውራ ጎዳናው ተጨናንቆ ስለነበር መንገዱ ረዘመብን።

አንዋር ኮላሩን ሦስት ዓመት አደረገ። በሽታው ቆመ፤ እጁ ግን በቆመበት ቀረ። ፀጉር ቤቱን ተወ። አሁን ግራንድ ፕሬሪ ባለ አንድ መጋዘን ውስጥ የጭነት መኪናዎችን መውጫና መግቢያ ያስተባብራል፤ ኮምፒውተሩን በግራ እጁ ነው የሚሠራበት። አግብቷል። በዒድ ቀን እየሄድኩ እንኳን አደረሳችሁ እላቸዋለሁ። ጋሽ እንድሪስ ተነሥተው ይቀበሉኛል፤ ከትልቁ ወንበር ያስቀምጡኛል፤ "ይብሉ እንጂ፣ ይጫወቱ" ይሉኛል። ድሮ ልጄ ይሉኝ የነበሩትን ሰው እንደ ሩቅ እንግዳ እየተከበርኩ አያቸዋለሁ። ክብሩ ይከብደኛል።

ከዓመታት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንዋርን ለምን ያኔ ሐኪም ጋ እንዳልሄደ ጠየቅኩት። በድምፁ ክስ አልነበረም። "ሰው ሐኪም ጋ የሚሄደው የሕመሙን ምክንያት ሲያጣ ነው። እኔ ምክንያቱን አንተ ነግረኸኝ ነበር። አንተ ደግሞ በትንሽ ነገር እንኳ አትሳሳትም" አለኝ።

ጽሑፉን ካጠፋሁት ቆይቷል። ሌሎች ግን ቀድመው ገልብጠውት ነበር። ማረሚያ ጻፍኩ፤ ያ ተጫዋች ታምሞ ነበር፣ አዲሶቹን የመረጠው ጣቱ ስለ ደከመ ነው እንጂ ጣቱ የደከመው አዲሶቹን ስለመረጠ አይደለም ብዬ። አንባቢ አላገኘም። ሰዎች የሚፈልጉትን አንዴ ካገኙ ማረሚያ አይፈልጉም።

በዚህ ሰኞ ግን በቢሯችን የምሳ ክፍል ያ ወጣት ባልደረባዬ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። ስለ አንዋር እጅ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ልምምዱ። ሹካውን አስቀምጦ ሰማኝ። ደንግጦ ነበር። በመጨረሻ ትንሽ አመነታና ጠየቀኝ።

"ታዲያ ቁጥሮቹ ውሸት ነበሩ?"

"አይደሉም" አልኩት። "አንድ ፍሬም እንኳ አልተሳሳትኩም።"

እፎይ ሲል አየሁት። አልፈረድኩበትም። በእሱ ዕድሜ እኔንም እፎይ የሚያሰኘኝ ይኸው ብቻ ነበር።